ኢሳክን ለሊቨርፑል መሸጥ፦ ኒውካስል ተጎዳ ወይስ አተረፈ?

ሸዋ በር፦

ሰላም ናችሁ የወሎ ኳስ ወዳዶች። እዚህ ደሴ ዲኤስቲቪ ቤቶች ውስጥ ኒውካስል ለሊቨርፑል የሸጠው የአጥቂው የአሌክሳንደር ኢሳክ ነገር አሁንም አልበረደም። ገሚሱ «ዋና አጥቂውን ለተቀናቃኝ የሚሸጥ ክለብ ሞቱን በእጁ ፈረመ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «125 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀብሎ ማን ይከፋል» ባይ ነው። ኒውካስሎች በማርች 2025 በካራባኦ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሌይ ላይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ሲያሸንፉ ሁለተኛዋን ጎል ያገባውን ልጅ፣ በስድስት ወር ውስጥ ለዚያው ለሊቨርፑል አሳልፎ መስጠት ደጋፊን እንደሚያቆስል ይገባኛል። ግን ሁለቱም ወገን ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ ቁጥር አያመጣም።

ስለዚህ ነገሩን የምታውቁ አስረዱን። ገንዘቡ የሚከፈለው በአንድ ጊዜ ነው? ኒውካስል ከዚያ ውስጥ በትክክል ስንት አተረፈ? ውሉ እስከ 2028 ነበርና «አንሸጥም» ብሎ ማስቀረት አይችልም ነበር? ከዚህ በፊት ዋና አጥቂያቸውን ለተቀናቃኝ የሸጡ ክለቦችስ ምን ሆኑ? ዓመቶቹ እንዳይምታቱብን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁንልን።

ቦርከና ዳር፦

የሂሳቡን እኔ ልመልስ፣ የሜዳውን ሌሎች ይጨምሩበት።

ኒውካስል ኢሳክን በ2022 ከሪያል ሶሲየዳድ የገዛው በ60 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው፤ ውሉም የ6 ዓመት ነበር። ተጫዋች ሲገዛ ወጪው የክለቡ የሂሳብ መዝገብ ላይ በአንድ ዓመት አይሰፍርም፤ በውሉ ዓመታት ልክ ይከፋፈላል። 60 ለ6 ሲካፈል በዓመት 10 ሚሊዮን ነው። ሦስት ዓመት ተጫወተ፣ 30 ሚሊዮኑ ተቀነሰ፣ መዝገብ ላይ 30 ሚሊዮን ቀረው። በ125 ሚሊዮን ሲሸጥ 30ውን ቀንሱለት፤ ወደ 95 ሚሊዮን ትርፍ ይመዘገባል። ትርፍ ደግሞ እንደ ወጪ አይከፋፈልም፤ ሽያጩ በተፈጸመበት የሂሳብ ዓመት ሙሉው አንዴ ይገባል።

አሁን ወደ ገዢው ዙሩ። ሊቨርፑል ያስፈረመው ለ6 ዓመት ቢሆንም፣ ፕሪምየር ሊጉ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ የዝውውር ሂሳብን ከ5 ዓመት በላይ መከፋፈል ከልክሏል። ስለዚህ 125 ለ5፣ በዓመት 25 ሚሊዮን፤ ደመወዙ ሳይቆጠር ማለት ነው። አንዱ 95 ሚሊዮን ትርፍ ሲጽፍ ሌላው የሚጽፈው የ25 ሚሊዮን ወጪ ነው። ሁለቱም ክለቦች በአንድ ዝውውር «ያዋጣናል» ሊሉ የሚችሉት ለዚህ ነው።

ይህ እንግዲህ መዝገቡ ነው። ጥሬ ገንዘቡ ሌላ መንገድ አለው። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ዝውውሮች አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ በሚከፈል ክፍያ ነው የሚጠናቀቁት። ሻጩ ቶሎ ገንዘብ ከፈለገ ወደፊት የሚመጣለትን ክፍያ ለባንክ ያስተላልፍና ባንኩ የራሱን ድርሻ ቀንሶ አሁኑኑ ይሰጠዋል። ስለዚህ «125 ሚሊዮኑን ይዘው በማግስቱ ሁለት ኮከብ ይግዙ» የሚለው ክርክር መሬት አይነካም።

ትርፉ ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል ብትሉ፣ እስከ 2025/26 ድረስ ባለው የፕሪምየር ሊግ ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር አይፈቀድለትም፤ ያውም ባለቤቱ ከኪሱ የሚሸፍን ከሆነ ነው። ደንቡን በመጣሳቸው ኤቨርተንና ኖቲንግሃም ፎረስት በ2023/24 ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ኒውካስልም ጁን 2024 ላይ የሂሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ሲል ኤሊዮት አንደርሰንን ለፎረስት፣ ያንኩባ ሚንቴህን ለብራይተን በጥድፊያ የሸጠው ከዚያ ለማምለጥ ነው። አንደርሰን ከታዳጊ ቡድኑ ያደገ በመሆኑ መዝገብ ላይ ዋጋው ዜሮ ነው፤ የተሸጠበት ሁሉ ትርፍ ሆነ። የገዛ ልጆቻቸውን የሚያስሸጣቸው ይኸው ደንብ ነው፤ እንደ እኔ ከደንቡ ጉድለቶች ትልቁ ይህ ነው።

አንድ ስህተት ግን ላርም። «ኢሳክን የሸጡት የዚያን ዓመት ቀዳዳ ለመድፈን ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። የኒውካስል የሂሳብ ዓመት ጁን 30 ይዘጋል። ዝውውሩ ሴፕቴምበር 1፣ 2025 ስለሆነ የሚገባው በ2025/26 መዝገብ ነው፤ የ2024/25ቱን ቀዳዳ አይደፍንም።

መድፈኛው ከሐይቅ፦

ቦርከና ዳር፣ ሂሳብህ ልክ ነው፤ ዋንጫ ግን በመዝገብ አይነሳም። የአጥቂያችንን የቫን ፐርሲን ጉዳይ የሚረሳ የአርሴ (አርሴናል) ደጋፊ የለም። በ2011/12 በሊጉ 30 ጎል አገባ። በ2012 ክረምት ዕድሜው 29 ሊሞላ ነው፣ ውሉ የቀረው 1 ዓመት ነው፣ «አላድስም» ብሎ በይፋ አሳወቀ። ክለቡ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ሸጠው። ዩናይትድ ያኔ የሊጉን ዋንጫ በጎል ልዩነት ብቻ ለማንቸስተር ሲቲ ያጣ ቡድን ነበር።

ከዚያ ምን ሆነ? በመጀመሪያ ዓመቱ 26 የሊግ ጎል። ዲሴምበር ላይ ኢቲሃድ ሜዳ በተጨማሪ ሰዓት በቅጣት ምት አግብቶ ሲቲን 3 ለ 2 አስረታ። ኤፕሪል 22፣ 2013 አስቶን ቪላ ላይ ሦስት አግብቶ ዩናይትድ 20ኛ ዋንጫውን አረጋገጠ። በሳምንቱ ኤምሬትስ ሲመጣ የአርሴናል ተጫዋቾች ተሰልፈው ለሻምፒዮኑ አጨበጨቡ፤ እሱም በፍጹም ቅጣት ምት አገባባቸው። 24 ሚሊዮኑ ይህን ይክሳል የሚል ሰው ካለ ይምጣ።

የኔ አቋም ይህ ነው፦ አጥቂህን ለውጭ ሊግ ብትሸጠው የምታጣው የእሱን ጎል ነው። ለተቀናቃኝህ ብትሸጠው ግን ያ ጎል ከአንተ ተቀንሶ እሱ ላይ ይደመራል። ዋጋው ይህን ሁለት እጥፍ ጉዳት የሚሸፍን ካልሆነ መሸጥ የለበትም።

የጦሳ አናት፦

መድፈኛው፣ ቁጭትህ ይገባኛል፤ ሰንጠረዡ ግን ከአንተ ጋር አይስማማም። ዩናይትድ በ2011/12 ያለ ቫን ፐርሲ ያገኘው 89 ነጥብ ነው፣ ከእሱ ጋር በ2012/13 ያገኘውም 89 ነጥብ ነው። የቡድኑ ጎል እንዲያውም ከ89 ወደ 86 ወርዷል። ለውጡ የመጣው ከሲቲ ነው፤ ከ89 ወደ 78 ወረደ። አርሴናልስ? 70 የነበረው 73 ሆነ። ጂሩ፣ ፖዶልስኪና ካዞርላ ቀደም ብለው ገብተው ስለነበር ጎሉ ለብዙ ሰው ተከፋፈለ። ቫን ፐርሲ ዋንጫውን ያረጋገጡ ጎሎችን አግብቷል፣ እሱን ማንም አይክድም። ሁለት እጥፍ የተባለው ጉዳት ግን ነጥብ ላይ አይታይም።

ከዚህ የበለጠ ግልጽ የሆነው የናፖሊ ነው። አጥቂው ጎንዛሎ ኢጓይን በ2015/16 በጣሊያን ሊግ በሴሪ ኣ 36 ጎል አግብቶ ናፖሊን በ82 ነጥብ ሁለተኛ አደረገ። በክረምቱ ጁቬንቱስ፣ ያውም ሻምፒዮኑ፣ በ90 ሚሊዮን ዩሮ ወሰደው፤ ክፍያውም በሁለት ዓመት የሚጠናቀቅ ነበር። ውሉ ውስጥ ማፍረሻ ዋጋ (ማንም ክለብ ከከፈለው ሻጩ እምቢ ማለት የማይችልበት ዋጋ) ስለነበረ ናፖሊ ገዢውን የመምረጥ ዕድል አልነበረውም። ምትክ ተብሎ ከአያክስ የመጣው ሚሊክ ኦክቶበር ላይ ጉልበቱን ተጎዳ። በዚህ ጊዜ አሰልጣኙ ሳሪ የክንፍ ተጫዋቹን መርተንስን መሐል አጥቂ አደረገው፣ 28 ጎል አገባ። የናፖሊ ነጥብ ወደ 86፣ ጎሉ ከ80 ወደ 94 ከፍ አለ። ዋንጫውን ጁቬ ወሰደ፤ ግን ያለ ኢጓይን 91 ነጥብ ነበረው፣ በኢጓይንም 91 ነው የጨረሰው።

ስለዚህ ጥያቄው «ለማን ተሸጠ» ሳይሆን «መቼ ተሸጠ፣ ምትኩስ መቼ ገባ» የሚለው ነው። ለዚህ የ2011ን ጃንዋሪ ማየት ይበቃል። አጥቂው ቶሬስ ጃንዋሪ 31 ከሊቨርፑል ወደ ቼልሲ በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ሄደ። ሊቨርፑል በዚያው ቀን በ35 ሚሊዮን አንዲ ካሮልን ከኒውካስል ገዛ። ካሮል ለሊቨርፑል በ44 የሊግ ጨዋታ 6 ጎል ብቻ ነው ያገባው፤ በሰዓት ተገዶ የተገዛ ተጫዋች እንዲህ ነው። ሊቨርፑልን ያዳነው በ22.8 ሚሊዮን አብሮ የተገዛው፣ አስቀድሞ ሲጠና የቆየው ስዋሬዝ ነው። ቶሬስም ቼልሲ ውስጥ በ110 የሊግ ጨዋታ 20 ጎል ላይ ቆመ። ኒውካስል ደግሞ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩ ስለሸጠ በዚያ ዓመት ካሮልን የሚተካ አጥቂ አላገኘም። ክረምቱን ጠብቆ ዴምባ ባን ያለ ዝውውር ሂሳብ አመጣና በ2011/12 አምስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

በ2025 የሆነው የዚያው ድጋሚ ነው። ኢሳክን ሊተኩ ከመጡት አጥቂዎች ዎልተማደ ከሽቱትጋርት ለኒውካስል የፈረመው ኦገስት 30 ነው፣ ዊሳ ከብሬንትፎርድ በመጨረሻው ቀን። ዊሳ ወዲያው ለኮንጎ ሊጫወት ሄዶ ጉልበቱን ተጎዳ። ዝውውሩ በጁላይ ቢያልቅ ኖሮ ዎልተማደ ከቡድኑ ጋር ቅድመ ውድድር ይሠራ ነበር፣ ኢሳክም እንዲሁ። ኢሳክ ያለ ዝግጅት ገብቶ የመጀመሪያ የሊግ ጎሉን ለሊቨርፑል ያገባው ኖቬምበር 30 ዌስትሃም ላይ ነው፤ ዲሴምበር 20 ደግሞ ቶተንሃም ላይ ጎል ሲያገባ እግሩ ተሰበረ። ስብራቱ የግጭት ነው፣ በዝግጅት ማነስ አይመካኝም። የመጀመሪያዎቹ ወራት ድካም ግን በአብዛኛው ከዝግጅት ማነስ የመጣ ይመስለኛል።

ስለ መጨረሻው ቀን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ላክል። መስኮቱ የተዘጋው በእንግሊዝ ሰዓት ከምሽቱ 7፣ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ስምምነቱ ደርሶ ወረቀቱ ካልተጠናቀቀ ክለቦቹ ዋና ዋና ነጥቦቹን በአጭር ቅጽ ለሊጉ ያስገቡና ተጨማሪ 2 ሰዓት ያገኛሉ። ቅጹ ግን ዝውውሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ በዚያው ምሽት ሊቨርፑል ለማርክ ጉዌሂ ቅጹን ካስገባ በኋላ ክሪስታል ፓላስ ምትክ ስላላገኘ ሐሳቡን ቀየረ፣ ዝውውሩም ቀረ። ተጫዋቹ ከሌላ አገር ሲመጣ ደግሞ የፊፋ የኮምፒውተር ሥርዓት አለ፣ እሱ ምሕረት አያውቅም። በ2017 ሌስተር የአድሪየን ሲልቫን ወረቀት 14 ሰከንድ አዘግይቶ ላከ፣ ልጁ እስከ ጃንዋሪ 2018 አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ቆየ።

ሸዋ በር፦

አላህ ይስጥልኝ፣ የናፖሊውን ዛሬውኑ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ያልተመለሰልኝ አለ፦ ኒውካስል እምቢ ቢልስ? ልጁ ልምምድ አቁሞ ነበርና መጨረሻው ምን ይሆን ነበር?

ሮቢት ሰፈር፦

እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ ማለትም ነበረበት። ውሉ ውስጥ ማፍረሻ ዋጋ አልነበረም፣ የቀረውም ሦስት ዓመት ነው። ልምምድ የሚቀር ተጫዋች በእንግሊዝ መደበኛ ውል እስከ ሁለት ሳምንት ደመወዙ ሊቀጣ ይችላል። ቅጣቱ ለእነሱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የዓለም ዋንጫ ሊመጣ ዓመት ሲቀረው የሚቀመጥ አጥቂ የለም። ኦገስት ቢያኮርፍ ኦክቶበር ላይ ይመለሳል።

ማስረጃው እነሆ። በ2013 አርሴናል ለስዋሬዝ 40 ሚሊዮን ከ1 ፓውንድ አቀረበ፤ ውሉ ላይ 40 ሚሊዮን የሚል አንቀጽ እንዳለ ሰምቶ ነበርና። ሊቨርፑል እምቢ አለ። ስዋሬዝ አኮረፈ፣ ለብቻው ተለማመደ፣ ከዚያ ተመልሶ በዚያው ዓመት 31 የሊግ ጎል አገባ፣ ሊቨርፑልም በ84 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ። ዲሴምበር ላይ ውሉን አደሰ፣ በ2014 ክረምት ለባርሴሎና፣ ማለትም ከሊጉ ውጭ፣ ከፍ ባለ ዋጋ ተሸጠ። ሌላው ሃሪ ኬን ነው፦ በ2021 ሲቲ ፈለገው፣ ቶተንሃም አልሸጥም አለ፣ ኬን ሁለት ዓመት ሙሉ ጎል እያገባ ቆየ፣ በ2023 ወደ ባየርን ሄደ። ሁለቱም ክለቦች አጥቂያቸውን ተቀናቃኝ ማልያ ለብሶ አላዩትም።

ልዩነቱ የውሉ ዕድሜ ነው። ሦስት ዓመት ከቀረ ክለቡ ጌታ ነው። ሁለት ሲቀር እኩል ናቸው። አንድ ሲቀር ተጫዋቹ ጌታ ነው፤ የቫን ፐርሲ ነገር ያኔውኑ ያለቀ ነበር፣ አርሴናል የተሳሳተው በ2012 ሳይሆን ውሉን ሳያድስ ባሳለፈው በ2011 ነው። ኒውካስል ሦስት ዓመት በእጁ ይዞ መሸነፉ ነው የሚያናድደኝ። ያ ክረምት ደግሞ ስፖርት ዳይሬክተሩ ለቅቆ፣ የክለቡ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሊለቅ ቀን ተቆርጦ የነበረበት ነው። ቆርጦ «አይሆንም» ወይም ቆርጦ «እሺ፣ በጁላይ ይለቅ» የሚል ሰው ጠፋ።

ቦርከና ዳር፦

እዚህ ላይ አልስማማም። ኬን 28 ዓመቱ ነበር፣ ያደገበት ክለብ ነው፣ ስዋሬዝም ቢሆን ውል ያደሰው ደመወዙ ስለጨመረ ነው። ኒውካስል የኢሳክን ደመወዝ ሊቨርፑል በሚከፍለው ልክ ቢያደርገው የሌሎቹ ሁሉ ወኪሎች በማግስቱ በር ያንኳኳሉ። አንድ ዓመት አቆይቶ በ2026 ቢሸጠው መዝገብ ላይ ዋጋው 20 ሚሊዮን ይሆናል፣ ግን 125 የሚከፍል ይገኛል ወይ? ያ ዲሴምበር ስብራት ኒውካስል ማልያ ውስጥ ቢደርስስ? ዋጋው ትክክል ነበር፣ ቀኑ ነው የተበላሸው። በዚህ ከጦሳ አናት ጋር ነኝ።

ኮምቦልቻ ፕሮጀክት፦

ልጆች፣ ክርክራችሁ ደስ ይላል። ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ልበልና ለእኛ አገር ክለቦችና ታዳጊ ፕሮጀክቶች የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ከእነዚያ 125 ሚሊዮኖች ውስጥ ስቶክሆልም ያለው አይክ የሚባለው ክለብ ድርሻ አለው፤ ኢሳክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እስከ 2017 መግቢያ ያደገው እዚያ ነው።

ደንቡ የፊፋ ነው። ከዝውውር ሂሳቡ 5 በመቶ ተቀንሶ ተጫዋቹን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉ ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ። አይክ ቢያንስ 1.5 በመቶ ይደርሰዋል፤ ከ125 ሚሊዮን ላይ ወደ 1.9 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ሁለቱም ክለቦች እንግሊዝ ውስጥ ሆነው እንኳ አሳዳጊው በሌላ አገር ስላለ ይከፈላል፤ ይህ ከ2020 ወዲህ የመጣ ነው።

አሁን ወደ እኛ አምጡት። ደሴ ወይም ወልድያ ያለ ክለብ አንድን ልጅ ከ12 እስከ 17 አሳድጎ፣ ልጁ በኋላ ውጭ አገር በ5 ሚሊዮን ዩሮ ቢሸጥ፣ 2 በመቶው ማለትም 100,000 ዩሮ የዚያ ክለብ ነው። ደግሞ አንዴ ብቻ አይደለም፤ ልጁ ውሉ ሳያልቅ በተሸጠ ቁጥር ይመጣል። ወልድያ 25,155 መቀመጫ ያለው ስታዲየም አላት፤ ስታዲየሙ ልጅ ካልተመዘገበበት እንዲህ ያለ ገቢ አያመጣም።

ገንዘቡ የሚጠፋው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ምዝገባ ነው። ልጁ ክለቡ ውስጥ አምስት ዓመት ቢለማመድም በፌዴሬሽኑ በኩል በክለቡ ስም ካልተመዘገበ የተጫዋቹ ፓስፖርት የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ላይ አይወጣም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ክፍያው የሚያልፈው ፓሪስ ባለው የፊፋ ማጣሪያ ተቋም ሲሆን፣ እሱ የሚያምነው ይህንኑ መዝገብ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ምዝገባ ሲከፈት የልደት ማስረጃ፣ ፎቶ፣ የወላጅ ፈቃድና ቅጹን አሟልታችሁ አስገቡ፤ የተፈረመበትን ቅጂ ክለቡ ጋ አስቀሩ። ስም አጻጻፍም ተጠንቀቁ፣ «መሐመድ» በአንዱ ቅጽ አንድ ዓይነት በሌላው ሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል ከተጻፈ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። ዕድሜ መቀነስማ የባሰ ነው፤ ልጁንም ያስቀጣል፣ የክለቡንም ዓመታት ያዛባል።

ሁለተኛው ውል ነው። የእኛ ክለቦች ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያስፈርሙና የፊርማ ክፍያ ይከፍላሉ፣ ውሉ ሲያልቅ ልጁ በነፃ ይሄዳል። የዝውውር ሂሳብ ከሌለ የዚህ 5 በመቶም የለም። ሦስተኛው ወኪል ነው። 18 ዓመት ሳይሞላው «ውጭ አስፈርምልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። ፊፋ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከ18 በታች ወደ ሌላ አገር ማዘዋወርን ከልክሏል፤ እንዲህ የሚወጡ ልጆች ያለ ምዝገባ ተበትነው ይቀራሉ።

ሸዋ በር፦

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልን፣ ይህን አንቱ ባይነግሩን ማንም አያነሳውም ነበር። አንድ ልጠይቅዎት፦ ልጁ በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሹን ደሴ፣ ግማሹን ኮምቦልቻ ተመዝግቦ ቢጫወት የዚያ ዓመት ድርሻ ለማን ነው?

ኮምቦልቻ ፕሮጀክት፦

ለሁለቱም ነው ልጄ፣ ተመዝግቦ በቆየበት ጊዜ ልክ ይካፈላል። 16 ዓመቱ ከሆነ 0.5 በመቶው ለሁለት ተካፍሎ ለእያንዳንዳቸው 0.25 ይደርሳቸዋል። መልቀቂያው የተጻፈበት ቀንና አዲሱ ክለብ ያስመዘገበበት ቀን መካከል ክፍተት ካለ ግን የእነዚያ ቀናት ድርሻ የሁለቱም አይሆንም። ስለዚህ መልቀቂያ ስትጽፉ ቀኑን አትርሱ፣ አዲሱ ክለብም በዚያው ሳምንት ያስመዝግብ።